ዋስ የሌለው ዋስትና

ነገሩ የጀመረው አንድ ማክሰኞ ማታ ነው። መብራት ሄደ፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ መብራት መጣ፤ ኮምፒዩተሬ ግን አብሮት አልመጣም። ማብሪያውን ብጫን፣ ደግሜ ብጫን፣ ገመዱን ነቅዬ ብሰካ፣ እንደ ሐኪም ጆሮዬን አስጠግቼ ባዳምጥ ትንፋሽ የለም።

አንባቢ ሆይ፣ «ለአንዲት ላፕቶፕ ይህ ሁሉ ለቅሶ ምንድነው?» እንዳትለኝ። በጽሑፍ ለሚተዳደር ሰው ኮምፒዩተር ማለት ለገበሬ በሬ ማለት ነው። በሬው የሞተበት ገበሬ የጎረቤት በሬ እየለመነ ስንት ቀን ያርሳል? እኔ ወር በገባ ቁጥር ፈርሜ ደመወዝ የምቀበል የመሥሪያ ቤት ሰው አይደለሁም። የጋዜጠኝነት ዲፕሎማዬን ይዤ፣ ጽሑፌን አንጠልጥዬ ከአንዱ አዘጋጅ ደጅ ወደ ሌላው የምመላለስ ነኝ። ያቺን ላፕቶፕ የገዛኋት የሰባት ወር የጽሑፍ ዋጋ አጠራቅሜ ነው። ብሩን እዚህ ለአክስቴ ሰጠሁ፤ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖረው ልጇ እዚያው በዶላሩ ገዛልኝና በመንገደኛ ሻንጣ ላከልኝ። እጄ ከገባች ገና አምስተኛ ወሯ ነበር።

ከዋጋዋ ይልቅ ያንገበገበኝ ግን በውስጧ የነበረው ነው። አያቴ ከማረፋቸው በፊት በነበረው ክረምት አጠገባቸው ተቀምጬ ድምፃቸውን በስልኬ ቀርጬ ነበር፤ 11 ሰዓት። ልጅነታቸውን፣ ትዳራቸውን፣ የአባታቸውን ሙግት፣ የጎረቤቱን ሁሉ ጉድ፣ በዚያ ዛሬ የሚናገረው ሰው እየጠፋ በሄደ አማርኛቸው አውግተውኛል። ስልኬ ሲሞላ ወደ ላፕቶፗ አዛወርሁትና ከስልኩ ሰረዝሁት። «ግልባጭ አላስቀመጥህም?» ትለኝ ይሆናል። አምስት ሰዓቱ በፍላሽ ላይ አለ፤ ስድስቱ የለም። ያ የራሴ ጥፋት ነው፤ አልክድም። የራሴን ጥፋት ስላመንሁ ግን የሌላውን ጥፋት ልሸከም አልገደድም።

ከካርቶኗ ውስጥ «የአንድ ዓመት ዋስትና» የሚል ወረቀት ወጥቶ ነበር። ዋስትና! ይህ ቃል ለአማርኛ ተናጋሪ እንዲሁ የሚጣል ቃል አይደለም። ዋስ ማለት ስም ያለው፣ ቤቱ የሚታወቅ፣ ሲጠሩት «አቤት» የሚል ሰው ነው። አያቴ በዚያ ቅጂ ላይ ያወጉኝ አንድ ነገር አለ። አባታቸው በአንድ በቅሎ ጉዳይ ለጎረቤታቸው ዋስ ይሆናሉ፤ ጎረቤቱ አገር ጥሎ ይጠፋል፤ አባታቸው ሁለት በሬዎቻቸውን ሸጠው ከፈሉ። «ታዲያ አላዘኑም?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «አዘኑ እንጂ። ዋስ ግን ነበሩ» አሉኝ። ነገሩ ለእርሳቸው በዚህ አለቀ።

በጥንቱ ችሎታችን ከሳሽና ተከሳሽ በነጠላቸው ጫፍ ተቋጥረው «ተጠየቅ» ይባባሉ ነበር። ቁራኛ ነው። ክፉም ሆነ ደግ የባላጋራህን ፊት ታያለህ፤ ጥሎህ አይሄድም፤ ጥለኸው አትሄድም። በእኔ ላይ የደረሰው ግን ሌላ ነው። ነጠላዬን ቋጥሬ ጫፉን ብስበው፣ በወዲያኛው በኩል ማንም አልነበረም።

* * *

የኩባንያውን ስም አልጠራም። ጠቤ ከአንድ ስም ጋር ሳይሆን ከአንድ ልማድ ጋር ነውና። ወደ ኋላ በአደባባይ የታወቀ ታሪካቸውን በስም የማነሳቸው ኩባንያዎችም ከእኔ ጉዳይ ጋር አይያያዙ።

በመጀመሪያው ቀን እርዳታ መጠየቂያውን ቅጽ ልሞላ ተቀመጥሁ። «አገርዎን ይምረጡ» ይላል። በእንግሊዝኛው ፊደል ተራ ወረድሁ። ግብጽ አለች፣ ኤል ሳልቫዶር አለች፣ ኤስቶኒያ አለች፤ ቀጥላ ፊንላንድ መጣች። ተሳስቼ እንደሆነ ብዬ ተመለስሁ። ከኤስቶኒያ ቀጥሎ አሁንም ፊንላንድ። ኢትዮጵያ የለችም። የተገዛችው አሜሪካ ነውና አሜሪካን መርጬ ገባሁ።

መጀመሪያ ያነጋገረኝ ሰው የሚመስል መሣሪያ ነው። «እንዴት ልርዳዎ?» አለኝ፤ ነገርሁት። «ይቅርታ፣ አልገባኝም» አለኝ፤ ደግሜ ነገርሁት። ለሦስተኛ ጊዜ ሲያቅተው ወደ ሰው አሻገረኝ። ሰውየው የመለያ ቁጥሩን ጠየቀኝ። ቁጥሩ የተጻፈው ከሆዷ ሥር፣ የትንኝ እግር በሚያክል ፊደል ነው። በስልክ መብራት ለቅሜ ሰጠሁት። «ገመዱ መሰካቱን አረጋግጠዋል?» አለኝ። አዎን። «ማብሪያውን 30 ሰከንድ ተጭነው ይያዙት።» ያዝሁት። «በሌላ ቻርጀር ሞክረዋል?» የለኝም። «እንግዲያው በአቅራቢያዎ ወዳለው የአገልግሎት ማዕከላችን ይውሰዱት።» አቅራቢያዬ ያሉት ማዕከል ባሕር ማዶ ነበር።

በማግሥቱ ስመለስ ሌላ ሰው ጠበቀኝ። «እባክዎን ችግሩን ከመጀመሪያው ያስረዱኝ» አለኝ። አስረዳሁት። ገመዱ መሰካቱን ጠየቀኝ። በአራት ወር ውስጥ ዘጠኝ ሰዎች ገመዱ መሰካቱን ጠይቀውኛል። ዘጠኙም ትሑታን ናቸው፤ ዘጠኙም «ስሜትዎን እንረዳለን» ብለውኛል፤ ከዘጠኙ አንዱም ሌላው የጻፈውን አላነበበም። እዚህ የቀበሌን ደጅ የጠና ሰው «ነገ ተመለስ» መባልን ያውቀዋል። የቀበሌው ሠራተኛ ግን ቢያንስ በሁለተኛው ቀን ፊትህን ያስታውስሃል።

ስድስተኛው ሰው ጥፋቱ የአገሬ ኤሌክትሪክ መሆኑን ነገረኝ። «የመብራት መዋዠቅ ያደረሰው ጉዳት በዋስትናው አይሸፈንም» አለ። መብራታችን እንደሚዋዥቅ እኔ ለእርሱ መንገር እችላለሁ። ግን ከምን አወቀ? ላፕቶፗን አልከፈታት፤ አላያት። በቻርጀሯ ጀርባ ላይ ደግሞ ኩባንያው ራሱ «ከ100 እስከ 240 ቮልት» ብሎ ጽፏል። የእኛ መስመር 220 ነው። ይህን ጠቅሼ ብጽፍለት ሁለት ቀን ዝም አለ። በሦስተኛው ቀን እንዲህ የሚል ደብዳቤ ደረሰኝ፤ «ጉዳይዎ ስለተዘጋ ደስ ብሎናል። አገልግሎታችንን ከ1 እስከ 5 ኮከብ በመስጠት ይመዝኑ።»

የአክስቴ ልጅ ይህን ስነግረው ደሙ ፈላ። «ቆይ፣ እኔ እዚህ ሆኜ ልደውልላቸው፤ የተገዛችውም በስሜ ነው» አለ። ከሥራ በወጣበት ማታ ሃምሳ ደቂቃ ያህል ዘፈን ሲያስደምጡት ቆይተው አንድ ሰው አነሳለት። መልሱን ሲነግረኝ ድምፁ ቀዝቅዞ ነበር። «ሳጥን እንልካለን፣ ወደ እኛ ይላኳት፣ እንሠራታለን ወይም እንቀይራታለን ብለዋል። ነገር ግን ውስጧ ያለውን ሁሉ እናጠፋለን፤ ለጠፋው ኃላፊነት የለብንም ነው ያሉት። እምቢ ካልን ዋስትናውን እንደተውነው ይቆጠራል።»

እንግዲህ ምርጫዬ ይህ ነበር። ላፕቶፗን እንደገና በመንገደኛ ሻንጣ አሜሪካ ልኬ፣ ከወራት በኋላ የምታብረቀርቅ፣ አንዳች የማታስታውስ ላፕቶፕ መቀበል። ብረቱን ይመልሱልኛል፤ አያቴን ያስቀሩብኛል። ከዘጠኙ ሰዎች «ውስጧ ምን አለ?» ብሎ የጠየቀኝ አንድም አልነበረም።

* * *

ወዳጆቼ መገናኛ አካባቢ ወደሚሠራ አንድ ልጅ መሩኝ። ሱቁ ሁለት ሰው በቅጡ አያስቀምጥም። ጠረጴዛው ላይ ማይክሮስኮፕ፣ የሙቅ አየር መተኮሻና በላስቲክ የታሰሩ የሞቱ ቦርዶች ተከምረዋል። «ወንድሜ፣ ይህቺን ተለጣፊ ሳልቀድ ልከፍታት አልችልም» አለኝ። ከአንዱ ብሎን ላይ የተለጠፈች የጥፍር ያህል ወረቀት ናት፤ ከተቀደደች ዋስትናው ይቀራል ትላለች። «ቅደዳት» አልኩት። እጄ ተንቀጠቀጠ ብል አላጋነንሁም።

ሃያ ደቂቃ አልፈጀበትም። «ቦርዱ አልሞተም። የፓወሩ መስመር ላይ አንድ ካፓሲተር ሾርት አድርጓል» አለኝ። ከሰናፍጭ ፍሬ የማትበልጥ ነገር! የቦርዱ ሥዕላዊ ንድፍ ቢኖረው የቱ እንደሆነ ወዲያው ባወቀ ነበር፤ ኩባንያው ግን ንድፉን ለውጭ ሰው አይሰጥም። ስለዚህ በልምዱ ፈልጎ አገኘው፤ ከአንዲት የሞተች ላፕቶፕ ተመሳሳዩን ነቅሎ ተካው። ማብሪያውን ተጫነ። በራች።

ደስታዬ ግን ለአፍታ ነበር። በሰማያዊ ገጽ ላይ ባለ 48 አሃዝ ቁልፍ ጠየቀችን። ልጁ አስረዳኝ። በብዙዎቹ የዛሬ ላፕቶፖች ዊንዶውስ ማከማቻውን ራሱ ይቆልፈዋል፤ ባትሪው ተነቅሎ ወይም ቦርዱ ተነካክቶ አደረጃጀቱ የተለወጠ ሲመስለው «ባለቤቴ መሆንህን አስረዳ» ይላል። ቁልፉም አብዛኛውን ጊዜ ላፕቶፗ መጀመሪያ በተከፈተችበት አካውንት ውስጥ ይቀመጣል። መጀመሪያ የከፈታት ማን ነው? ከመላኩ በፊት መሥራቷን ሊያይ የሞከራት የአክስቴ ልጅ!

ደወልሁለት። እዚያ ሌሊት ነበር። ተነሥቶ ፈለገና አገኘው። ስድስት ስድስት አሃዝ፣ ስምንት ቦታ ተከፍሏል። እርሱ ከሲልቨር ስፕሪንግ እንደ ዳዊት ይደግማል፣ እኔ ከመገናኛ እቀበለዋለሁ፣ ልጁ ይጽፋል። የመጨረሻው አሃዝ ሲገባ ተከፈተች። የመጀመሪያውን ፋይል ነካሁት። «ምን ልበልህ እንግዲህ፣ የቱን ላውራልህ?» አሉ አያቴ። ልጁ አንገቱን ደፋና የማይክሮስኮፑን መስታወት ይጠርግ ጀመር።

አሁን ልጠይቅ። በአራት ወር ውስጥ ከዘጠኝ ሰዎች አንዱ እንኳ ስለዚህ ቁልፍ ለምን አልነገረኝም? መልሱ ከሚያነቡት ወረቀት ላይ አለመጻፉ ነው። በወረቀታቸው ላይ የተጻፈው «ያጥፉት» የሚለው ነው።

* * *

«ስልክ የሚያነሳው ድሃ ምን ያድርግ?» የሚሉኝ አሉ። ልክ ናቸው። እኔም ከእርሱ ጋር አልጣላም። በደቂቃ ይመዘናል፤ ቶሎ ከዘጋ ይመሰገናል፤ ከወረቀቱ ከወጣ ይገሠጻል። ጠቤ ወረቀቱን ከጻፈው ጋር ነው። ደንበኛውን ማሰልቸት ከመጠገን ይልቅ ርካሽ መሆኑን ካሰላው ጋር ነው። ዘጠኝ ጊዜ «ገመዱ ተሰክቷል?» ቢባል፣ ከአሥር ሰው ስንቱ ተስፋ ቆርጦ አዲስ ይገዛል?

ይህ የእኔ ብቻ ምሬት እንዳይመስልህ። እ.ኤ.አ. በ1994 ቶማስ ናይስሊ የተባሉ በቨርጂንያ የሊንችበርግ ኮሌጅ የሒሳብ መምህር፣ የኢንቴል ፔንቲየም ፕሮሰሰር አንዳንድ ቁጥሮችን ሲያካፍል እንደሚሳሳት ደረሱበት። ኢንቴል ስሕተቱን አስቀድሞ አውቆት ነበር። መጀመሪያ የሰጠው መልስ ምን ነበር? የምቀይረው ትክክለኛ ስሌት እንደሚያስፈልገው ላስረዳ ሰው ብቻ ነው አለ። ገዢው የተሳሳተውን ዕቃ ይዞ፣ ስሕተቱ እንደሚጎዳው ደግሞ ያስረዳ! ሕዝቡ ጮኸ፤ አይ ቢ ኤም ፔንቲየም ያላቸውን ኮምፒዩተሮች መላኩን አቆመ። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ 20 ቀን በእነርሱ አቆጣጠር ኢንቴል ይቅርታ ጠይቆ ለጠየቀ ሁሉ እንደሚቀይር አስታወቀ፤ ለዚህም 475 ሚሊዮን ዶላር ወጪ መዘገበ። ዋስትናው ዋስ ያገኘው ከጩኸቱ በኋላ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ የኒው ዮርክ ግዛት ዐቃቤ ሕግ ዴልን ከሰሰ። ከክሶቹ አንዱ የቴክኒክ ድጋፉ ነበር። ደንበኞች ስልክ ይዘው ረጅም ጊዜ ይጠብቃሉ፣ ከሰው ወደ ሰው ይወረወራሉ፣ መስመሩ ይቋረጥባቸዋል፤ ቴክኒሽያን ቤታቸው እንዲመጣ የከፈሉት ሰዎች የኮምፒዩተራቸውን ሽፋን ራሳቸው ፈትተው እንዲጎረጉሩ ይገፋፋሉ የሚል ነው። በ2008 ፍርድ ቤት ኩባንያው አሳሳች አሠራር መከተሉን ወሰነ፤ በ2009 በ3.35 ሚሊዮን ዶላር ጉዳዩ በስምምነት አለቀ። እንግዲህ አንባቢ ልብ ይበል። ሲያሻቸው «ከነካኸው ዋስትናህ ይቀራል»፣ ሲያሻቸው «ራስህ ፍታው»!

ስለዚያች ተለጣፊ ወረቀትም አንድ ልበል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1975 ባወጣችው ሕግ አምራቹ ዋስትናውን ከራሱ መለዋወጫና ከራሱ ጥገና ጋር ማሰር አይችልም፤ በነጻ ካልሰጠው ወይም ፈቃድ ካላገኘ በስተቀር። በ2018 የፌዴራል ንግድ ኮሚሽኑ እንዲህ ያለ ቃል ለሚጠቀሙ ስድስት ኩባንያዎች ማስጠንቀቂያ ጻፈ። በ2021 ለምክር ቤቱ ባቀረበው ሪፖርት፣ አምራቾች ጥገናን ለመከልከል የሚያቀርቡት ምክንያት በቂ ማስረጃ እንደሌለው ገለጸ። ካሊፎርኒያ ከሐምሌ 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለችው ሕግ፣ ዋጋቸው 100 ዶላርና ከዚያ በላይ ለሆነ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች አምራቾቹ መለዋወጫውን፣ መሣሪያውንና የጥገናውን ሰነድ ለ7 ዓመት እንዲያቀርቡ አስገድዳለች። የአውሮፓ ኅብረትም በ2024 የጥገና መብት መመሪያ አውጥቶ አባላቱ እስከ ሐምሌ 2026 በየሕጋቸው እንዲያስገቡት ቀን ቆርጧል። ይህ ሁሉ የሚያሳየው ነገሩ የተፈጥሮ ሕግ አለመሆኑን ነው። ሰው የከለከለውን ሰው ይፈቅደዋል።

«አንተ ከአገርህ ውጭ የተሸጠ ዕቃ ገዝተህ ምን ታማርራለህ?» ለሚሉኝ ደግሞ መልስ አለኝ። ማስታወቂያቸው ድንበር አያውቅም፤ ምልክታቸው በየሱቃችን በር ላይ ተለጥፏል፤ ላፕቶፕ ራሱ ተሸክመውት እንዲሄዱ የተሠራ ዕቃ ነው። ሽያጩ ዓለም አቀፍ፣ ኃላፊነቱ የመንደር የሚሆንበት ምክንያት ምንድነው?

ዱላዬን ግን ባሕር ማዶ ብቻ ወርውሬ እንዳልቀር። በየሱቆቻችን ግድግዳ ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ጽሑፍ የማያውቅ ማን አለ? «እዚሁ ሞክር፤ ከበሩ ከወጣህ አላውቅህም» የሚለውን ነጋዴስ? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሻጩ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ መሆኑን ከደነገገ ስንት ዘመኑ! በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813ም ጉድለት ያለበት ዕቃ የደረሰው ሸማች በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶት ነበር። ግድግዳው ላይ የተለጠፈችው ወረቀት ግን ከሕጉ በልጣ ትነበባለች። እኛም እናነባትና አንገታችንን ደፍተን እንወጣለን። የብሎኗን ተለጣፊ የፈራሁት እኔም ከዚያው ነኝ።

ለአገራችን ኮምፒዩተር አምራቾቹ ደርሰውለት አያውቁም። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት ለዓመታት አማርኛን በኮምፒዩተር ያስጻፉን አምራቾቹን ሳይጠብቁ በራሳቸው የደከሙ ልጆቻችን ናቸው። ዛሬም የሞተውን የሚያስነሱት እነዚያ የጠባብ ሱቅ ልጆች ናቸው፤ ያለ ንድፍ፣ ያለ መለዋወጫ፣ ያለ ምስጋና።

ስለዚህ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። አንደኛ፣ ጉዳዬን የያዘው ሰው እስኪፈጸም ድረስ ይያዘው፤ ዘጠኝ አፍ አንድ ጆሮ አይሆንም። ሁለተኛ፣ ንድፉና መለዋወጫው ለጠጋኝ ይሰጥ፤ ካልጠገናችሁ የሚጠግነውን አትከልክሉ። ሦስተኛ፣ «እናጠፋለን» ከማለታችሁ በፊት «ውስጡ ምን አለ? ቁልፉስ የት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ከዚህ ያነሰውን ዋስትና አትበሉት፤ ሌላ ስም ፈልጉለት።

አንተም አንባቢዬ፣ ይህን ጽሑፍ ስትጨርስ ሦስት ነገር አድርግ። የምትወደውን ነገር ግልባጭ በሁለት ቦታ አስቀምጥ፤ ያን 48 አሃዝ ፈልገህ በወረቀት ጻፈው፤ የገዛህበትን ደረሰኝ አትጣል። የእኔን 11 ሰዓት አሁን ሦስት ሰዎች ይዘውታል፤ አንዱ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው።

ልጁን ስንት ልክፈልህ ብለው የጠየቀኝ ዋጋ ከአንድ ጽሑፌ ዋጋ ያነሰ ነበር። ገንዘቡን ተቀብሎ «እስከ ሦስት ወር ከተበላሸች በነጻ ነው፤ ስልኬን ያዝ፤ ሱቅ ከሌለሁ ቤቴ ከጀርባ ነው» አለኝ። ወረቀት አልሰጠኝም። ያን ዕለት ማታ ከኩባንያው አሥራ አንደኛው ደብዳቤ ደረሰኝ፤ ኮከብ እንድሰጠው ይለምነኛል።

አልመለስሁለትም። ዋስ አግኝቻለሁ፤ ቤቱንም አውቀዋለሁ።